ሦስት ሽማግሌ ለአንዲት በረንዳ

ዱዓሌን ጅግጅጋ ሊወስዱብኝ ነበር። ከዚህ ልጀምርላችሁ፤ ከዚህ ካልጀመርኩ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ገብተን እንዴት እንደዚያ እንደተዋረድን አይገባችሁም። ትስቁብናላችሁ። ነገሩ ገብቷችሁ ከሳቃችሁ ግን ግድ የለኝም።

ዱዓሌ ጓደኛዬ ነው፤ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ አብዲቃድር እባላለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ተመላልሼበታለሁ። ሦስተኛችን ወልደ ማርያም የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። የባቡር ሠራተኞች ሰፈር የከዚራ ሰው ስለሆነ ሙቀቱ አርባ ቢገባም ሱፉን አያወልቅም፣ ከረባቱን አይፈታም። እኛ ሦስታችን ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ቡድናችን በሜዳው ሲጫወት የምንቀመጠው አንድ ቦታ ነው፤ ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከኋላው ግድግዳ ጋ።

ለምን ከላይ? አቦ፣ ድሬ እኮ ነው! ጨዋታው የሚጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጣሪያው ደግሞ የሚሸፍነው የላይኞቹን ስድስት ረድፎች ብቻ ነው። ከዚያ በታች የተቀመጠ ሰው ይጠበሳል። አንዴ ታች ተቀምጬ የላስቲክ ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ባዶ እግሬን ቤቴ ገብቻለሁ። ስለዚህ ጥላ የፈለገ መውጣት አለበት፤ እስከ ጥላው ደግሞ አርባ አንድ ደረጃ ነው። መደገፊያ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ደረጃ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ቀጥሎ ያለው ጉልበት ይደርሳል። የሠራው መሐንዲስ አሮጊት እናት አልነበረችውም መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት ዱዓሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ብረት አስገቡለት። ደልዳላ መሬት ላይ በከዘራ ይሄዳል፣ ደረጃ ግን በቃው። መጀመሪያ ኳስ ማየት ቀረ። ከዚያ ገበያ መውጣት ቀረ። ከዚያ ጺሙን ማስተካከል ቀረ። ቤቱ ስሄድ ሬዲዮ ከፍቶ ግድግዳ እያየ አገኘዋለሁ፤ "ስንት ለስንት ነው?" ስለው "አልሰማሁም" ይለኛል። ሬዲዮኑን እቅፍ አድርጎ እኮ ነው!

ሴት ልጁ ቢላን ጅግጅጋ ነው የምትኖረው። መጥታ አየችውና ወደ እኔ ቤት መጣች። "አዴር" አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ከሕፃንነቷ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። "ይዤው እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ከኔ ጋር። እዚህ ምን ይሠራል?"

"ኳስ አለው!" አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?

"ኳሱ ጋ መውጣት ይችላል?"

አንገቴን ደፋሁ። እሷም አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ሁለት ሳምንት እቆያለሁ" አለች። "አባቴ እንደ ድሮው ሰው መሀል ተቀምጦ ኳስ ሲያይ በዓይኔ ካየሁ እተወዋለሁ። ካላየሁ ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን።" ቢላን ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ እጣላት ነበር።

ሁለት እሑድ በተከታታይ በሜዳችን ነበር የምንጫወተው። ለመጀመሪያው እሑድ ዘዴው የኔ ነው፣ አልክድም። ከገበያ አራት ተሸካሚዎች አመጣሁ፣ የሽንኩርት ጆንያ እንደ ትራስ የሚያነሱ ጉልበተኞች። ዱዓሌን የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ አራቱ አራቱን እግር ያዙ፤ ፊቱን ወደ ታች ካዞርነው ይፈራል ብለን ጀርባውን ለሜዳው ሰጥተን አወጣነው። እኔ ከፊት "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያልኩ ነው። ሃያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ የኛ ልጆች ጎል አገቡ።

አራቱም እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

ስምንት እጅ! አንድም የቀረ የለም! ወንበሩ ሁለት ደረጃ ተንሸራተተና አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ላይ ቆመ፤ አላህ ያንን ሰውዬ ውፍረቱን ይባርክለት። እኔ "ዱዓሌ! ዱዓሌ! ተረፍክ?" ብዬ ስጮህ፣ እሱ አንገቱን ወደ ኋላ ለመጠምዘዝ እየታገለ "ማን ነው ያገባው?" ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። መሀል ደረጃ ላይ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ የሕዝቡን ፊት እያየ ጨዋታውን ጨረሰ። ሻይ አዟሪዋ ቴርሞሷን ጭኑ ላይ አስቀምጣ መልስ ቆጠረች። ፖሊሱ "መንገድ ዘግታችኋል" ብሎ ሦስት ጊዜ መጣ። ቤቱ ስናስገባው ዱዓሌ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ "ሁለተኛ እንደ ጆንያ አትሸከሙኝም።" ልክ ነው። አፈርኩ።

በረንዳዋን ያሰበው ወልደ ማርያም ነው። ከመቀመጫው ሥር፣ ተጫዋቾች ከሚወጡበት በር አጠገብ፣ ከሜዳው ጋር እኩል የሆነች፣ ጣሪያ ያላት፣ ከፊቷ በሽቦ የታጠረች በረንዳ አለች። ቡድኑ የማይፈልገውን ሁሉ የሚጥልባት ናት፤ የተቀዳደደ የጎል መረብ፣ የውኃ ጎማ፣ እግር የሌለው ወንበር። በደቡቡ በር ለገባ አንድም ደረጃ የላትም። ወልደ ማርያም የሚወደውን ነገር ሁሉ በሴት ነው የሚጠራው፤ ባቡሯ፣ ሰዓቷ፣ ባርኔጣዋ። በረንዳዋንም "እሷን ካገኘን ሌላ ምን እንፈልጋለን?" አለን። እኛም ከሱ ተቀብለን እሷ፣ እሷ ማለት ጀመርን። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

ቁልፏ ያለው የስታዲየሙ ኃላፊ ሳላሕ ጋ ነው። ቢሮው ሄድን። የት ነው ቢሮው? ሦስተኛ ፎቅ! እኔና ወልደ ማርያም ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም እያለከለክን ወጣን። ጸሐፊዋ ከሌላ አገር የመጣች ጨዋ ልጅ ናት፤ እንደኛ ሰውን ሁሉ አንተ አትልም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማመልከቻ ያስገቡ" አለችን። አስገባን። አነበበችውና "ባለጉዳዩ ራሳቸው ቀርበው መፈረም አለባቸው" አለች።

"ልጄ፣ ባለጉዳዩ ደረጃ መውጣት አይችልም። ጉዳዩ ራሱ እሱ ነው።"

"መጥተው አለመቻላቸው ይታያል።"

"እዚህ ድረስ ከወጣ ቻለ ማለት አይደለም እንዴ?"

ትንሽ አሰበች። "እሱን ኃላፊው ናቸው የሚወስኑት" አለች። ወልደ ማርያም ክንዴን ይዞ ባያወጣኝ ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ከእስር ቤት ነበር።

ሐሙስ ማታ ተማከርን። ሰውዬው ቢሮ ካልተገኘ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ አይጠፋም። ቤቱ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ምድር ቤት ነው። ዱዓሌ "እኔም እሄዳለሁ" ሲል ጆሮዬን አላመንኩም። ዓርብ ቤቱ ስደርስ ጺሙን አስተካክሎ፣ ሂና ተቀብቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ በር ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ከአወዳይ የመጣ አንድ እስር ጫትና ሁለት ኪሎ ስኳር አለ። "ባዶ እጃችንን የሰው ቤት ልንገባ ነው?" አለኝ ተቆጥቶ። ሲቆጣ ደስ አለኝ፤ ዓመት ሙሉ ተቆጥቶ አያውቅም። ሸክሙን ተቀበልኩት። ወልደ ማርያም ጥቁር ሱፉን ለብሶ መጣ።

የሳላሕ ሚስት ፋዱማ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ የዱዓሌን ነጭ ልብስ አየች። ከዚያ የወልደ ማርያምን ከረባት አየች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጫትና ስኳር አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ግቡ፣ ግቡ! ያ አላህ! እንኳን መጣችሁ!" እኔ በሆዴ ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ እንግዳ የሚወድ ቤት ነው አልኩ። እናንተ ገብቷችኋል፤ ይኸው ጀመራችሁ መሳቅ። እኛ ግን ወላሂ ከበረንዳው በቀር የምናየው ነገር አልነበረም።

ሳላሕ ሽርጡን አሸርጦ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ አለ። "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለን። ፍራሹ መሬት ላይ የተነጠፈ ነው፤ ዱዓሌ እዚያ ከተቀመጠ የሚያነሳው ክሬን ነው። "አይ፣ መቆም ይሻለኛል" አለ። ጓደኛዬ ቆሞ እኔ አልቀመጥም፣ ቆምኩ። ወልደ ማርያም ደግሞ ዱዓሌ እንዳያፍር ብሎ ነገሩን ሊያሳምር "ጉዳያችን ካለቀ በኋላ እንቀመጣለን" አለ።

ፋዱማ በወተት የፈላ ሻይና የሥጋ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ዓርብ ነው፤ ወልደ ማርያም ይጾማል። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ "ዛሬ አልቀምስም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። ዱዓሌም አንድ እጁ ከዘራ ላይ፣ አንድ እጁ ትከሻዬ ላይ ስለሆነ በምኑ ይያዘው? "ይቅርብን" አለ። ባልና ሚስት ተያዩ። የማይቀመጥ፣ የማይቀምስ፣ ጫትና ስኳር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ምን ሊጠይቅ እንደመጣ በዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኛ ብቻ አላወቅንም።

ወልደ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ሳላሕ፣ እንደምታየን ሽማግሌዎች ነን።" አርጅተናል ማለቱ ነው።

"አያለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።"

"አንተ ጋ አንዲት አለች። ዓይናችንን ከጣልንባት ቆይተናል።"

"አውቃለሁ" አለ ሳላሕ አንገቱን ደፍቶ። "ሚስቴ ነግራኛለች።"

ማመልከቻችን ሚስቱ ድረስ መድረሱ ገረመኝ። ቢሆንም የቢሮውን ነገር ከሚስቱ ጋር የሚማከር ሰው ጥሩ ሰው ነው ብዬ ወደድኩት። የወደድኩትን ሰው ደግሞ መቆጣት እወዳለሁ። "ካወቅክ ታዲያ ለምንድነው ቆልፈህ የምትይዛት?" አልኩት። "አቧራ በልቷት እኮ አለቀች!"

"እኔም የምለው ይኼንን ነው!" አለች ፋዱማ፣ እንባዋን እየጠረገች።

"ለማንም እንዳልሰጣት ብዬ ነው የጠበቅኳት" አለ ሳላሕ።

"ለማንም አትስጣት፣ ለኛ ስጣት።"

ዱዓሌ ከዘራውን አጥብቆ ያዘና ወደ ፊት ጠጋ አለ። አማርኛው ከሱቅ የተለቀመ ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ከልቡ ነው። "እኛ ጥሩ አድርገን እንይዛታለን" አለ። "እናጥባታለን። ቀለም እንቀባታለን።"

"ቀለም?" አለ ሳላሕ።

"ሂና ማለቱ ነው" አለች ፋዱማ ቶሎ ብላ። "ሱማሌ ነው፣ አማርኛው ጠፍቶት ነው።"

ሳላሕ ሚስቱን አየ። ከዚያ "ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶብኝ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ" አለ። ለካ ከኛ በፊትም በረንዳዋን የጠየቁ አዛውንቶች ኖረዋል ብዬ አዘንኩላቸው። "ከዚህ በኋላ ብመልስ ሚስቴም አብራ ትሄዳለች። ሰጥቻችኋለሁ! አላህ ይባርከው።" እጁን አነሳ። የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን ቀራን። ፋቲሃ የተቀራበት ነገር ደግሞ አለቀ ማለት ነው፣ አይፈታም። ወልደ ማርያምም መዳፉን ዘርግቶ "አሜን፣ አሜን" ይላል፤ ስንት ዓመት አብሮን ኖሮ መቼ ማለት እንዳለበት ከኔ የበለጠ ያውቃል። ፋዱማ እልልታዋን አቀለጠችው።

ለአንዲት በረንዳ እልልታ! ልቤ ተነካ። የድሬ ሰው አሁንም ሰው ነው አልኩ።

በዚህ መሀል ሴት ልጃቸው ዱኒያ ከጓዳ ወጣች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ። የሦስታችንንም እጅ ሳመች። እኛም መረቅናት፤ የሰው ልጅ እጅ ከሳመ ይመረቃል። ሳላሕ ዓይኑን ጠረገና "ልጁን ግን ለምን ይዛችሁት አልመጣችሁም?" አለ።

"የምን ልጅ?" አልኩ።

"ሚክዳድን ነዋ!"

"ሚክዳድ ማነው?"

ሳላሕ ወልደ ማርያምን አየው። "ታዲያ የጠየቃችኋት ለማን ነው?"

"ለዱዓሌ ነው" አለ ወልደ ማርያም፣ በእጁ እያሳየ።

ሁሉም ዱዓሌን አየው፤ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሂና የተቀባውን ጺሙን በእርጋታ ይነካካል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጎድሏል፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብለው ቅር አላቸው ብዬ ነገሩን ላስተካክል ፈለግኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ "ለሱ ብቻ አይደለም እንጂ! እሑድ እሑድ እኛም ሁለታችን እንጠቀምባታለን" አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓቱ ልነግራችሁ አልችልም። ትራስ ሲመጣ አይቻለሁ። ሳምቡሳም ሲመጣ አይቻለሁ፣ አንዱ የወልደ ማርያም ሱፍ ላይ አርፏል፣ ያውም በጾም። ፋዱማ "ዋ ልጄ! ዋ ልጄ!" ትላለች፤ ሳላሕ ጫማ ይፈልጋል፣ ሊያደርገው አይደለም። እኔ ዱዓሌን ከኋላዬ ሸሽጌ "በረንዳዋን! የስታዲየሙን በረንዳ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሳላሕ ጫማውን እንዳነሳ ቆመ። "ምን?"

"ከመቀመጫው ሥር ያለችውን! መረብና ጎማ የምትጥልባትን! ዱዓሌ ደረጃ መውጣት አይችልም፣ እዚያ ተቀምጦ ኳስ ይይባት!"

"ለበረንዳ ሽማግሌ ይላካል?"

"ማን ተላከ? አረጀን ማለታችን ነው!"

ዱኒያ መጀመሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለካ ሳቋ አልቆም ብሏት ነው። አባቷ ግን አልሳቀም። ሰው ፊት ልጁን ሰጥቶ፣ ሚስቱ እልል ብላ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ላቡ በፊቱ ወረደ። "ውጡልኝ" አለ። "በረንዳም የለም፣ ምንም የለም። ውጡ።"

እኔ ወደ በሩ ዞርኩ፤ አልቆልናል። ዱዓሌ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ሳላሕ" አለው። "ፋቲሃ ቀርተናል።"

"እኔ የቀራሁት በልጄ ነው!"

"አንተ ስም አልጠራህም። ሰጥቻችኋለሁ አልክ። አላህ የሁላችንን ልብ ያያል፤ እኔ እጄን ያነሳሁት በበረንዳዋ ነው።" ትንሽ ተነፈሰ። "ስማኝ። ሰኞ ጅግጅጋ ሊወስዱኝ ነው። ልጄ ክፉ አይደለችም፣ የማደርገው ነገር ስለሌለኝ ነው። እኔ ድሬ መሞት እፈልጋለሁ። ከመሞቴ በፊት ደግሞ ኳስ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።"

ዱዓሌ እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወልደ ማርያም መነጽሩን አወለቀ። ፋዱማ ባሏን አየችና "ፋቲሃ ተቀርቶ ይፈታል እንዴ?" አለችው። ሳላሕ ጫማውን መሬት ላይ ጣለ። ጓዳ ገባ፤ ሲመለስ ቁልፍ ይዟል። የሰጠው ለዱዓሌ ነው፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። "በሩ ላይ ለአረጋውያን ብላችሁ ጻፉበት" አለ። "አለቆቼ ለጓደኞቹ ሰጠ እንዳይሉኝ።"

በሩ ላይ ዱኒያ ተከተለችን። "አዴሮች" አለች ቀስ ብላ፣ "ሚክዳድ አባት የለውም። አባቴ ለሌሎች የመጡትን ሽማግሌዎች ስለመለሰ ዘመዶቹ ፈርተው ማንም የሚመጣለት አጣ። እናንተ መቼም አሁን መንገዱን ለምዳችሁታል።" እኔ ሁለተኛ እዚህ ቤት ብረግጥ ልል አፌን ስከፍት ዱዓሌ ቀደመኝ። "የሚቀጥለው ዓርብ" አላት። ሰኞ የሚሄድ ሰው! ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ዘወር ብዬ አየሁት፤ ምንም እንዳላለ ሰው መንገዱን ያያል።

ቅዳሜ በረንዳዋን አጠብናት። ወልደ ማርያም ካርቶን ላይ በዚያ በባቡር ጣቢያ ጽሕፈቱ "ለአረጋውያን" ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ስድስት ወንበር አስገባን፤ ሦስቱ ለኛ፣ ሦስቱ እግራችንን ለመዘርጋት።

እሑድ ባጃጅ እስከ በሩ አደረሰን። ዱዓሌ ከዘራውን ይዞ በራሱ እግር ገባና ተቀመጠ። ሜዳው ከፊቱ ነው፤ የሣሩ ሽታ ይመጣል፣ የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ይሰማል። ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ የመስመር ዳኛው ባንዲራ አነሳ። ዱዓሌ እንደ ድሮው ተሳደበ። እንግዲህ እኛ ከላይ ሆነን ሃምሳ ዓመት ዳኛ ስንሳደብ አንድም ሰምቶን አያውቅም፤ ይኼኛው ግን ሦስት ሜትር ላይ ነው። ዞር አለና "አባባ፣ እኔ ምን አደረግኩዎት?" አለው። ዱዓሌ ለአፍታ ደነገጠ። ከዚያ ደስ አለው፤ ለካ መልስ የሚሰጥ ዳኛ አለ! ከዚያ ወዲያ አላስተረፈውም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ሁለት ከዘራ ይዞ ሽቦው ጋ ቆመ። "ለአረጋውያን የሚለው ለኛ ነው?" አለ። ቀና ብዬ ሳየው ዩሩብ ነው። ከኛ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ የነበረ። "ዩሩብ፣ አንተ አልሞትክም እንዴ?"

"ማን አለህ?"

ማንም አላለኝም። ቦታው ባዶ ሲሆን ጊዜ ሞተ ብዬ ለራሴ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሳይቀመጥ ሁዶ መጣች፣ ዳኛ በምትሰድብበት ጉሮሮዋ ስታዲየሙ ሁሉ የሚያውቃት ሴትዮ፤ እሷንም አላህ ይማራት ብዬ ነበር። ከዚያ ቢሻሮ፣ በሰው ተደግፎ። ከዚያ ስማቸውን የረሳኋቸው፣ ፊታቸውን ግን የማልረሳቸው። ለእግራችን ያስቀመጥናቸው ወንበሮች ሄዱ፣ የኛም ሄዱ። በእረፍት ሰዓት ሠላሳ ሰባት ነበርን፤ ከጎማው ጥቅል ላይ የተቀመጠ አለ፣ ጀሪካን የገለበጠ አለ።

"የት ነበራችሁ?" እላለሁ፣ እየዞርኩ።

"ቤት" ይሉኛል። ሁሉም "ቤት" ነው የሚሉኝ።

አለቀስኩ። ምን ይሁን፣ አለቀስኩ። ከላይ ተቀምጬ ግራ ቀኜ በየዓመቱ ሲሳሳ የሞት ሥራ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። አንድ ቀን ወርጄ በራቸውን አላንኳኳሁም። እነሱ ከስታዲየሙ ሁለት ሰፈር ርቀው ሬዲዮ ያቅፋሉ፣ እኔ ምሕረት እለምንላቸዋለሁ።

ቢላን የመጣችው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነበር። ሽቦው ጋ ቆማ አባቷን ፈለገች። ዱዓሌ ከሁዶና ከዩሩብ መሀል ነው፤ ሦስቱም በሦስት ቋንቋ አንዱን ዳኛ ይዘውታል፤ ዱዓሌ ከዘራውን አንስቷል፣ የራስ ቆቡ ወደ ጆሮው ወርዷል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ልጁን አላያትም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ልጠይቃት ፈራሁ።

ስልኳ ጮኸ። ከጅግጅጋ ባሏ ነው፣ ነገ በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ ሊል። ጩኸቱ አላሰማ ስላላት አንድ ጆሮዋን በእጇ ደፈነች።

"አይ፣ ብቻዬን ነኝ የምመጣው" አለችው። "እሱ አይመጣም… አይ፣ አይ፣ ደህና ነው። እየተሳደበ ነው።"